እግር ያወጡ ቆርቆሮዎች

ማርያምን፣ የምነግራችሁ ሁሉ እውነት ነው። በመርካቶ ስሜ በውሸት እንደተነሣ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አህያ ሱቄ ገብታ አንድ ካርቶን ሚስማር በልታ ወጣች ብዬ፣ ጎረቤቶቼን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አህያ ሳስፈልግ ውያለሁ። ትምህርቴንም አምስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት አያቴን ለቀሪ ፈቃድ ደጋግሜ ስለገደልኳት ነው። ይሄኛው ግን የዚያ ዓይነት አይደለም። የቤት ክዳን፣ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ፣ በጠዋት በሁለት እግሩ ቆሞ ዳገት ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ብቻም አይደለም፤ ተሰልፈው ነበር። ከመሃላቸው አንዱ የእኛ ቤት ክዳን ነው።

ክረምቱ የሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረቱ ነው። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የምንኖረው ከጭድ ተራ ቁልቁል፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ከተደረደሩት የጭቃ ቤቶች ባንዱ ነበር፤ እኔና እናቴ ሠርኬ ብቻ። እናቴ ፈታይ ናት። ሸማ ተራ የሚያቀርቡት ሸማኔዎች ለበዓል ሲጣደፉ ድርና ማጋቸው ከሷ እንዝርት ነው የሚወጣው። ጥጥ ደግሞ ቅንጡ ነገር ነው። እርጥበት ከጠጣ ይጓጉላል፤ ክሩ ይበጠሳል። ቤታችን ውስጥ ጣሪያው ካንጠባጠበ መጀመሪያ ከቦታው የሚነሣው ጥጡ ነበር፤ ከጥጡ ቀጥሎ እኔ።

ጎርፉ የመጣ ቀን እኛ ዘንድ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። የዘነበው ላይ፣ ተራራው ላይ ነው። አመሻሽ ላይ እንደ ከባድ መኪና ያለ ድምፅ ሰማሁና ወጣሁ። ወንዙ የለም። በወንዙ ፋንታ ቢጫ ማሳ እየሄደ ነበር። ከላይ የነጋዴ የጭድ ክምር ጠራርጎ ውሃው ሁሉ ጭድ ለብሶ መጥቷል። እርሻ የሚሄድ መሰለኝና አጨበጨብኩ። ማሳው ላይ የሰው አልጋ አለ፤ አልጋው ላይ አውራ ዶሮ ቆሟል፤ እንደ ሹም ግራ ቀኙን እያየ አለፈ። እናቴ ጥጧን በጭንቅላቷ፣ እኔን በእጄ አንጠልጥላ ወደ ላይ ሮጠች። ዞር ስል ቤታችን እንደ ደከመው ሰው ቁጢጥ አለና ተኛ።

በማግሥቱ ጭድ ተራ ዳር ባለው ሜዳ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። እኔ የማውቀው ድንኳን የሚተከለው ሰው ሲሞት ነው። ማን እንደሞተ ለማወቅ ከሰው ሰው ዞርኩ፤ ሁሉም ሰው አለ። ስለዚህ የሞተው ቤታችን ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ከሌሎች ስድስት ቤቶች ጋር። በዚህ አልተሳሳትኩም።

መርካቶ የዚያን ሰሞን መርካቶ ነበር። ዳቦ የሚጋግሩት ዳቦ፣ ጋዝ የሚሸጡት ጋዝ፣ ልባሽ ጨርቅ የሚቸረችሩት ካፖርት ላኩ። ለእኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ የሴት ካፖርት ደረሰኝ፤ ጄኔራል ነኝ ብዬ ሕፃናቱን ሳሰልፍ ከረምኩ። የእድሩ ዳኛ አባባ ኃይለመለኮት ጠዋት ማታ ድንኳኑን እየዞሩ ገመድ ይወጥራሉ። እናቴ ግን ድንኳኑ ውስጥ መፍተል አልቻለችም። ትነድፋለች፣ ታባዝታለች፣ እንዝርቱን ታሾረዋለች፤ ክሩ ብጥስ ይላል። ዕንቁጣጣሽ እየደረሰ ነው። አንድ ሸማኔ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ሌላም መጣ።

«ክዳን ብቻ ባገኝ» ትል ነበር። «ግድግዳው ግድ የለም። ክዳን።»

እሱን የሰማት ጋሽ ይመር ነው። ጋሽ ይመር የጭድ ተራ ኩሊ ነበር፤ ከወሎ የመጣ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ በቅሎ የረገጠችው የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ያለበት። የኔ ወዳጅ ነው። ማታ ማታ ሸንኮራ ይዞ ይመጣና «እስቲ ውሸት ሽጥልኝ» ይለኛል። ውሸቱ ካማረው አንድ ሙሉ አገዳ፣ ካላማረው ጫፉን።

«አብሽሪ ሠርኬ» አላት። «ቋሚውን እናቆማለን። ጭዱ እዚሁ ነው፤ ጭቃው ጎርፉ ያመጣው ነው። ቆርቆሮው ደግሞ መጥቷል አሉ።»

እውነትም ቆርቆሮ መጥቶ ነበር። ከባሕር ማዶ በጎ አድራጊዎች የላኩት፣ ለጎርፍ ተጎጂ የተባለ። ቀበሌው አዳራሽ ገብቶ ተቆለፈበት። እኛ ልጆች መስኮቱ ላይ አፍንጫችንን ለጥፈን እናየው ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ውብሸት ሲያገኘን አላባረረንም፤ ኪሱ ገብቶ ከረሜላ አወጣ። ካኪ ልብሱ የተተኮሰ፣ ጢሙ የተከረከመ። በዓለም ላይ ከሱ የሚበልጥ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ያንን ከረሜላ ሳስበው ዛሬም ምራቄ ይመራል።

አንድ ቀን ጓድ ውብሸት ሰዉን ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበ። እኔ የሚሉት ግማሹ አልገባኝም፤ ንግግሩ ግን ይኸው እንደተባለው ነው።

«ቤቶቹ በአስቸኳይ ተመርገው እንዲያልቁ። እንግዶች ሊጎበኙን ነው» አለ ውብሸት።

ጋሽ ይመር ተነሣ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይከደንና እንመርጋለን። ቆርቆሮውን ዛሬ ይስጡን።»

«ቆርቆሮው የሚታደለው እንግዶቹ በተገኙበት ነው። መመሪያ ነው።»

«በክረምት ያልተከደነ ቤት መርገው?»

«እንግዳ እንጨት አይቶ ይሂድ ነው የምትለው?»

«እኔ ምን እላለሁ። መመሪያው ለዝናቡም ደርሶት ከሆነ ጥሩ።»

ሰዉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሳል ያዘው። አባባ ኃይለመለኮት እንኳ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ምሰሶ አዞሩ። እኔ ጉንፋን የገባ መሰለኝ። ውብሸት ግን አላሳለም። ጋሽ ይመርን ቆም ብሎ አየውና «ስምህ ማነው አንተ ጓድ?» አለው፤ ስሙን አሳምሮ እያወቀ።

እናም መረግን። ጭድ የተደረገበት ጭቃ ሲቦካ የሚሸተውን የማያውቅ አይወቀው፤ የከብት በረትና የጠላ ጋን አንድ ላይ ነው። ሕፃናቱ በሙሉ እስከ ጉልበታችን ገብተን እንድንረግጥ ተፈቀደልን። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ኩሊዎቹ ከሥራ ሲወጡ እየመጡ ይለጥፋሉ፤ ዝናቡ ሌሊት ያወርደዋል፤ በማግሥቱ ደግመው ይለጥፋሉ። ግድግዳችን ሲያለቅስ ያደረ ይመስል ነበር። እኔ ዝናቡን ወደድኩት፤ ጭቃ መርገጡ እንዳያልቅብኝ ስለሚያደርግ። እናቴ ደግሞ ባዘቶዋን ጆንያ ውስጥ ከትታ አቅፋ ትቀመጣለች፤ እንደ ታመመ ልጅ።

እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ማለዳ አዳራሹ ተከፈተ። ቆርቆሮው በኩሊ ጀርባ ወረደ። ጋሽ ይመር የኛን ቤት ሊመታ ወጣ፤ አንድ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ ከሥሩ ቆሞ ያያል። ሚስማሩን ሁሉ ግማሽ ድረስ ብቻ እየመታ ያልፋል።

«ጋሽ ይመር፣ ለምንድነው ግማሹን የምትተወው?» አልኩት ከታች።

ጠባቂውን አየ፤ እኔን አየ። «አዲስ ቆርቆሮ መተንፈስ አለበት ልጄ። ካልተነፈሰ ያብጣል።»

አመንኩት። ብዙ ዓመት አመንኩት። ዛሬ የምተዳደረው የቆርቆሮ ሚስማር በመሸጥ ነው፤ እና ሱቅ የገባሁ ሰሞን አንድ ደንበኛ ፊት «ግማሽ ብቻ ምታው፣ ይተንፍስ» ብዬ ተሳቀብኝ። ግማሽ የሚመታ ሚስማር ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚመታው። ለመንቀል።

እንግዶቹ መጡ። አንዲት ካሜራ ያንጠለጠለች ፈረንጅ፣ ሁለት ወንዶች፣ አንድ አስተርጓሚ። መፈክር ተባለ፣ ተጨበጨበ። ለየቤቱ አንድ አንድ ብርድ ልብስ ታደለ። ሴትዮዋ እናቴን በራችን ላይ አቁማ ፎቶ አነሣቻት፤ ከዚያ በአስተርጓሚው አስጠየቀቻት። እናቴ ብዙ ተናገረች። ግድግዳው እርጥብ መሆኑን፣ ሚስማሩ ወደ ውስጥ አለመግባቱን፣ የፈረሰው ቤት ሁሉ በሥርዓት ይከደን እንደሆን አንድ ሰው እንዲቆጣጠር፣ ሁሉንም። አስተርጓሚው ውብሸትን አየና ሁለት ቃል ተናገረ። ሴትዮዋ ፈገግ አለችና እናቴን አቀፈቻት።

የፈረንጅ ቋንቋ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ተደነቅኩ። ያን ሁሉ ነገር ሁለት ቃል ቻለው። ቃላቱን አጥንቻቸው ስለነበር በኋላ፣ አምስተኛ ክፍል ሳልደርስ፣ አስተማሪያችንን ጠየቅኩት። ሁለቱም ምስጋና ናቸው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ብርድ ልብሶቹ ተሰበሰቡ። ሊታጠቡ ነው አሉን። ገና ከፌስታላቸው አልወጡም። ሕፃን ነበርኩና የመንግሥት ንጽሕና ገረመኝ።

ግን ክዳኑ ነበረን። ያን ምሽት ዝናብ ጣለ፤ በአዲስ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ጆሮ ይደፍናል። እናቴ ኩራዟን ለኩሳ፣ ባዘቶዋን ከጆንያ አውጥታ እንዝርቱን አሾረችው። ክሩ አልተበጠሰም። ወረደ፣ ወረደ፣ መሬት ነካ። እናቴ አለቀሰች። በጓድ ውብሸት ንግግር ተነክታ ነው ብዬ አሰብኩ።

የተነሣሁት ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ ነው። በጀርባዬ እንደተኛሁ ወደ ላይ ሳይ ከጣሪያችን አንድ ቅጠል ቆርቆሮ የለም፤ በቦታው ሰማይ አለ። ጉጠት ሚስማር ሲነቅል ይሰማል። ሁለተኛው ቆርቆሮ ተንሸራተተና ሌላ ሰማይ ተጨመረ። በሰማዩ ላይ የጋሽ ይመር ፊት ብቅ አለ።

«ተኛ ጎበዜ» አለኝ።

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ልቃቂቷን በላስቲክ ትጠቀልላለች። እኔ ተፈትልኬ ወጣሁ። ከውጭ ሌሎቹም ቤቶች እየተገለጡ ነው፤ ጠባቂዎቹ በር በር ላይ ቆመዋል። ኩሊዎቹን አስገድደው የሚያሠሩ አልመሰለኝም፤ ቀድሜ ያየሁት ዳገቱን ነው። ቆርቆሮ በጀርባው የተሸከመ ሰው ከፊት ሲያዩት ሰው አይደለም። ከላይ ጣሪያ፣ ከታች ሁለት እግር። እንደዚያ ሆነው ተሰልፈው ይወጣሉ፤ ማለዳ ጀምበር እየመታቸው ያብለጨልጫሉ። የመጨረሻው ቁርጭምጭሚት ላይ የበቅሎዋ ጨረቃ አለች። የእናቴን ክዳን የተሸከመው ወዳጄ ነው።

ሌባ ነው አልኩ። ሸንኮራው ሁሉ ለዚህ ነበር። እያታለለኝ ቤታችንን ሲያጠና።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁና ተናደዱ፤ እኔ ብቻዬን ስናደድ ዘመኔ አለቀ። በዳገቱ በኩል ተዙሮ የሚደረስበት ወንዙ ማዶም የኛው ቀበሌ ነው፤ እዚያም ጎርፉ ቤት ወስዷል። የተላከው እርዳታ ለሁለቱም ወገን ይበቃ ነበር። ግማሹ ገና ሳይራገፍ በጓሮ በኩል ወጥቶ የሰው መጋዘን ገባ። ስለዚህ የቀረው ግማሽ ለሁለቱም ወገን ፎቶ መድረስ ነበረበት። ዛሬ እኛን ያለበሰ ነገ ማዶኞቹን ያለብሳል፤ እንግዶቹ ወደ አገራቸው ሲሳፈሩ እሱም ግማሹን ተከትሎ ይሄዳል። ብልጠት ይሉታል ይሄንን። እናቴ ፎቶው ላይ አለች፤ የሆነ አገር፣ የሆነ ግድግዳ ላይ፣ በአንድ ሌሊት ክዳኗ ሥር ፈገግ እንድትል ተነግሯት።

ከሁለት ቀን በኋላ ሰዎቹ ድንኳን ውስጥ እየተንሾካሾኩ ሲስቁ ሰማሁ። ከጎርፉ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው።

«የማዶው ቆርቆሮ አልነሣ አላቸው አሉ» ትላለች አንዷ።

«በጉጠትም በዲጅኖም። አንዱን ቢጎትቱት ለሁለት ተቀደደ» ይላል ሌላው።

«የይመር ሥራ ነው» አሉ አባባ ኃይለመለኮት፤ ወዲያው ዙሪያቸውን አዩ።

እኔ የሌባ ወዳጆች መሃል መቀመጤ ገባኝና ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

በዚያው ቀን ጋሽ ይመርን ሊይዙት መጡ። ጭድ ተራ ላይ፣ ነዶ ከአህያ እያራገፈ፣ ፀጉሩ ጭድ እንደሞላበት። ሕዝብ ተሰብስቧል። ጓድ ውብሸት ራሱ አብሮ መጥቷል።

«ይሄ ሰው የሕዝብን እርዳታ ያበላሸ፣ ፀረ ሕዝብ ነው» አለ። «የእናንተን ክዳን የዘረፈ ይሄ ነው። መስክሩበት።»

አህያዋ ብቻ ጆሮዋን ታራግባለች። ጋሽ ይመር ሰዉን አየ፤ እናቴ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ።

«ደህና ነሽ ሠርኬ?» አላት፤ እንደ አዘቦት ቀን።

«ደህና ነኝ፤ እግዜር ይስጥህ» አለች።

ሌባ ይመረቃል እንዴ? ብዬ ቀና ብዬ አየኋትና ለጓድ ውብሸት እንዲታይ አድርጌ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። እናቴ በጥፊ አጮለችኝ። በሰው ፊት መትታኝ አታውቅም። ጉንጬን ይዤ ሌባው ሲወሰድ አየሁ።

ክዳን ግን የለንም። ግድግዳዎቹ መቅለጥ ጀምረዋል፤ በዓሉ ደርሷል። አባባ ኃይለመለኮት እድርተኛውን ሰብስበው «ድንኳኑ ይቀደድ» አሉ።

«አባባ፣ ለቅሶ ቢመጣስ?» አለ አንዱ።

«ሙት ዝናብ ምን ያደርገዋል። እነዚህ ናቸው የሚበሰብሱት።»

መቀሱን ራሳቸው ያዙ። ያን ድንኳን ሚስታቸው ስትሞት ተቀምጠውበታል። ለሰባቱም ቤት ቁራጭ ቁራጭ ደረሰ። እናቴ በእድር ሸራ ሥር ለበዓሉ ደረሰች፤ ልቃቂቶቿን ለሸማኔዎቹ ስታስረክብ ጣቶቿ አብጠው ነበር። እስከ ከርሞ በጋ እዚያ ሸራ ሥር ኖርን። በዚያ መሃል የእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ለቀስተኛው ሜዳ ላይ፣ ጋቢውን አጣፍቶ ዝናብ እየመታው ይቀመጥ ነበር። አንድም ሰው «ድንኳናችን የት አለ?» ብሎ ደጃችን አልመጣም።

እውነቱን የነገረኝ አብደላ ነው፤ ሚስማር ነጋዴው፣ ጎርምሼ ሥራ የቀጠረኝና ሱቁን ያስተማረኝ። ይመርን ሌባ ስለው ሰማኝና ሚዛኑን አስቀመጠ።

«ያን ቀን ጠዋት ቆርቆሮውን ማዶ አድርሶ ወደኔ መጣ» አለኝ። «ረጅም ሚስማር ስጠኝ አለ። የማንን ቤት ልትሠራ ነው? ስለው፣ የማላውቀው ሰው አለኝ። ሰጠሁት። ቁምጣው ውስጥ ደበቀው። ማዶ ላይ ጠባቂው ከውጭ ሆኖ ነው የሚያየው፤ እሱ ከላይ ሚስማሩን፣ የጣሪያውን እንጨት ሞራሌውን አሳልፎ፣ እስከ አንገቱ ይመታል። ከውስጥ ሴቶቹ ዘነዘና ይዘው የወጣውን ጫፍ እየቀጠቀጡ ያጥፋሉ። ድምፁ እንዳይሰማ ደጅ ያሉት እልል ይላሉ። ጠባቂው ደስ ብሏቸው ነው ብሎ አብሮ አጨበጨበ። እንደዚያ የታጠፈ ሚስማር ቆርቆሮውን ሳይቀድ አይወጣም። የተቀደደ ቆርቆሮ ማን ይገዛል? ተዉት።»

«የኛንስ ለምን አላጠፈልንም?»

«የናንተን ግማሽ ብቻ ምታ ሲሉት ለፎቶ እንደሆነ ጠርጥሯል እንጂ አላወቀም። ያወቀው ሲያስነቅሉት ነው። እናትህ ግን በዚያው ቀን ሰምታ ነበር። እዚህ ቆማ ምን አለችኝ? ቆርቆሮው መጋዘን ከሚገባ የማዶዋ ሴት ራስ ላይ ይቅር አለች።»

ጋሽ ይመር ከዓመት በላይ ታስሮ ወጣ። ሸክም የሚችል ጀርባ አልነበረውም። ጭድ ተራ ዳር ተቀምጦ የሰው አህያ ይጠብቅ ነበር። ሸንኮራ ሲዘረጋልኝ እኔ ከሌባ አልቀበልም ብዬ መንገድ አቋርጥ የነበረው ያኔ ነው። አብደላ ሲነግረኝ ጋሽ ይመር ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። በማን ልናደድ?

ጓድ ውብሸት ግን ዋጋውን አገኘ። በዚያው ክረምት መጨረሻ እናቱ ሞተችና እድሩ ዘንድ ድንኳን ሊጠይቅ መጣ። አባባ ኃይለመለኮት ቁርጥራጩን ሸራ፣ ሰባቱ ቤት ላይ፣ በጣታቸው አሳዩት። ሜዳ ላይ ወንበር ተሰጠው። ዝናቡ ሲወርድ የተተኮሰው ካኪ ተጣበቀበት፤ ጢሙ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ዣንጥላ ያለው ሁሉ ዣንጥላውን አጠፈ። እናቴ በሸራዋ በር ላይ ቆማ፣ እንዝርቷን እያሾረች አየችው።

ይሄን ፈጥሬዋለሁ። ከነገርኳችሁ ሁሉ ይሄን ብቻ። የሰውየው እናት ብዙ ኖራለች፤ የሞተችው እድሩ አዋጥቶ አዲስ ድንኳን ከገዛ በኋላ ነው። እሱም እድርተኛ ነውና ማንም አልከለከለውም። ካስማውን ከመቱት ጎረምሶች አንዱ እኔ ነበርኩ፤ እናቴ ንፍሮ አቅርባለታለች። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። እሱ በደረቅ ተቀመጠ።